ቤት በዓይን ብቻ አይታይም ላለችን አርክቴክት፦ ምስጋናና ጥቆማ

ለሐዋሳ መምህራንና ወላጆች፦

እዚህ ከተማ የተማሪዎች ጉብኝት ሲባል አብዛኛውን ጊዜ አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ በልቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ መመለስ ነው። ክፋት የለውም፤ ዓሣውን እኔም እወደዋለሁ። ሰሞኑን የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎቻችንን ስለ ቤት አሠራር ያስተማረችልን ወጣት አርክቴክት ግን በአደባባይ ልትመሰገን ይገባታል።

በመጀመሪያ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ የሲዳማ ባህላዊ ቤት ወሰደችን። ቤቱ ከተሰነጠቀ ቀርከሃ ተጎንጉኖ እንደ ተደፋ ቅርጫት የቆመ ነው። ገለጻ አላበዛችም። ባለቤቱን አባት አስፈቅዳ፣ ልጆቹ በእጃቸው እየዳሰሱ ግድግዳው የት አልቆ ጣራው የት እንደሚጀምር እንዲፈልጉ አዘዘቻቸው። ቢዞሩ ቢዞሩ አጡት፤ አንድ ወጥ ነዋ! ክብ ቤት ነፋስ የሚያርፍበት ማዕዘን እንደሌለው፣ የምድጃው ጭስም ቀርከሃውን ከሚበሉት ነፍሳት እንደሚጠብቀው የነገረቻቸው ከዚያ በኋላ ነው። አዛውንቱ ደግሞ ችካል ተክለው፣ ገመድ አስረው፣ እየዞሩ መሬት ላይ ክብ ሲያሰምሩ ልጆቹ «ኮምፓስ!» ብለው ጮኹ። ቤታቸውን ከፍተው ላስተናገዱን አባት እግዚአብሔር ይስጥልን።

ትምህርት ቤት ስንመለስ ቀጫጭን እንጨትና ክር አከፋፈለች። አራት ማዕዘኑ በአንድ ጣት ሲገፋ ተንጋደደ፤ ሦስት ማዕዘኑ ግን ንቅንቅ አላለም። ክፍላችን ኮርኒስ ስለሌለው ቀና በሉ አለቻቸው፤ ቆርቆሮውን የተሸከመው እንጨት ሁሉ ሦስት ማዕዘን ነው። ስንት ዓመት ከሥሩ ቆሜ ሳስተምር ልብ ብዬው አላውቅም።

ቀጥላም ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ዝቅ ብላ የምትገባው የጠዋትና የማታ ፀሐይ ከምሥራቅና ከምዕራብ እንደምትመጣ፣ ስለዚህም ሰፊ መስኮት ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ቢዞር ክፍሉ እንደማይግል አስረዳች። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ታዲያ የእኛ መስኮት ለምን ወደ ምዕራብ ዞረ?» ብላ ጠየቀች። ርዕሰ መምህራችን የጣራውን ሦስት ማዕዘኖች መቁጠር ጀመሩ።

ክፍያዋ ተመጣጣኝ ነው፤ ቁሳቁሱንም ራሷ ታመጣለች። በአንድ ጊዜ ከ30 ልጅ በላይ አትቀበልም፤ ልመናም አይበግራት። የተባለውን ሰዓት ማሳለፏ ስለማይቀር የአውቶቡሱን ሹፌር አስቀድማችሁ አግባቡ። ስልኳን እዚህ መለጠፍ ስላልፈለገች፣ ልታገኟት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አገናኛችኋለሁ።