ለደሴው የዓይን ባለሙያችን ምስጋና፣ ሌዘር ለምታስቡ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም የወሎ ልጆች። ይህን ምስጋና ለመጻፍ ካሰብኩ ቆየሁ። የኔ ዓይን እስኪረጋ፣ የወንድሜም ነገር መልክ እስኪይዝ እየጠበቅኩ ነበር። አሁን ሁለታችንም ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ።

የማመሰግነው ሰው ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ መነጽር ቤት ውስጥ ይሠራል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተማረ ኦፕቶሜትሪስት ነው። ሰዉ ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል። እሱ ግን ሳይሰለች ያርማል፦ «ቀዶ ሕክምና የሚሠራው የዓይን ሐኪም ነው። እኔ እለካለሁ፣ እመረምራለሁ፣ ከአቅሜ በላይ የሆነውን እልካለሁ።» ስሙን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀኝ አከብርለታለሁ።

እኔና ታናሽ ወንድሜ ከልጅነታችን ጀምሮ መነጽር እናደርጋለን። ሁለታችንም ማይነስ ነን፣ የሩቁ ይደበዝዝብናል። እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የምሠራው። የአፍ መሸፈኛ ሳደርግ መነጽሬ በትንፋሼ ይሸፈናል። ወንድሜ ደግሞ ኳስ ተጫዋች ነው። አንድ ጓደኛው አዲስ አበባ ላሲክ የሚባለውን መነጽር የሚያስጥል የዓይን ሌዘር ተሠርቶ በማግስቱ ያለ መነጽር ሲሄድ ካየ ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ብሩንም አብረን አጠራቀምን። የፈራችው እማየ ብቻ ነበረች። እኛ አካባቢ የዓይን ቀዶ ሕክምና ሲባል የሚታወቀው የሞራና የትራኮማ ነው። ደህና የሚያይ ወጣት ዓይኑን በጨረር ያስነካል ሲባል ምኑም አልገባትም። «እስቲ መጀመሪያ ያንን መነጽር የሚሰጣችሁን ልጅ ጠይቁት» አለችን።

አስቡት፣ ይህ ሰው የሚተዳደረው መነጽር በመሸጥ ነው። ሌዘር ከተሠራን ሁለት ደንበኛ አጣ ማለት ነው። እሱ ግን ወንበር ስቦ አስቀመጠን። ሰው ሲገባ ያስተናግዳል፣ ሲወጣ ካቆመበት ይቀጥላል።

ያስረዳን እንዲህ ነው። ሌዘር አንድ ዓይነት አይደለም። ሁሉም የሚሠሩት ኮርኒያ ላይ ነው፣ ከብሌኑ ፊት ያለው የጠራ ሽፋን ማለት ነው። ውፍረቱ መሐሉ ላይ በአማካይ 540 ማይክሮን አካባቢ ነው፣ ግማሽ ሚሊሜትር በሉት። ሁሉም ከዚያው ላይ ቀንሰው ቅርጹን ያስተካክላሉ። የሚለያዩት በአገባባቸው ነው።

ላሲክ ከላይ ስስ ክዳን ይቆርጣል። ክዳኑ እንደ መጽሐፍ ሽፋን ወደ ጎን ይገለጥና ሌዘሩ ሥሩን ይሠራል፣ ከዚያ ክዳኑ ይመለሳል። ስፌት የለውም፣ ሕመሙም ትንሽ ነው፣ ብዙ ሰው በማግስቱ ጥሩ ያያል። ሆኖም ክዳኑ ሲቆረጥ የኮርኒያው ነርቮች አብረው ስለሚቆረጡ ዓይን ለወራት ሊደርቅ ይችላል። ክዳኑም እንደ ድሮው ጥንካሬ አይኖረውም። ከባድ ምት ካገኘው ከዓመታት በኋላ እንኳ ሊንሸራተት ይችላል። ይህን ሲል ወደ ኳስ ተጫዋቹ ዞር ብሎ ነው።

ፒአርኬ ክዳን የለውም። የኮርኒያው የላይኛው ስስ ልባስ ይነሳና ሌዘሩ በቀጥታ ላዩን ይሠራል። ልባሱ በራሱ ተመልሶ ይበቅላል፣ እስከዚያ ድረስ ለጥቂት ቀናት መከላከያ ኮንታክት ሌንስ ይደረጋል። እነዚያ ቀናት ያማሉ። እይታው የሚጠራውም በሳምንታት፣ አንዳንዴም በወራት ነው። ግን ኮርኒያው ሳሳ ላለ ሰው እና ምት ለማያጣው ሰው የተሻለ ነው። ሦስተኛው ስማይል ይባላል። ሌዘሩ ኮርኒያው ውስጥ ስስ ቁራጭ ያዘጋጅና ሐኪሙ በጥቂት ሚሊሜትር ቀዳዳ ያወጣታል። ከሦስቱ አዲሱ ነው፣ ማሽኑም በየቦታው አይገኝም።

«ታዲያ ለኛ የቱ ይሻላል?» አልነው። «እሱን የሚወስነው ልኬቱ ነው» አለ። ከዚያ ወንድሜን «ዓይንህን ታሻለህ?» ብሎ ጠየቀው።

ወንድሜ ከትንሽነቱ ጀምሮ ዓይኑን ያሳክከዋል፣ በበጋው አቧራ ደግሞ ይብስበታል። «እስቲ እንዴት እንደምታሸው አሳየኝ» አለው። ወንድሜ ጣቱን አጥፎ በአንጓው ዓይኑን ጨቅጨቅ አደረገ። ባለሙያው ወዲያው እጁን ያዘው። የድሮ የልኬት ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ በተርታ ዘረጋ። አስቲግማቲዝሙ፣ ማለትም ኮርኒያው እኩል ባለመክበቡ የሚመጣው የእይታ መዛባት፣ በየልኬቱ እየጨመረ ነው የመጣው። መብራት አጥፍቶ በመመርመሪያዋ ብርሃን ደጋግሞ አየው፤ ብርሃኑ ለሁለት እየተከፈለ ነበር የሚመለስለት። «ኬራቶኮነስ ሊሆን ይችላል። እዚህ ማረጋገጥ አልችልም። የኮርኒያ ቶፖግራፊ፣ ማለትም የኮርኒያህን ቅርጽ የሚያሳይ ምርመራ፣ ሳትነሳ ለማንም ቀብድ እንዳትከፍል» አለውና ሪፈር ጻፈለት።

ኬራቶኮነስ ኮርኒያው እየሳሳ ወደ ፊት የሚሾልበት በሽታ ነው። ዓይን ማሸት ያባብሰዋል። እንዲህ ያለ ዓይን ላይ ላሲክ ቢሠራ የሳሳው ይብስ ሳስቶ እይታው ሊበላሽ ይችላል። ወንድሜ አዲስ አበባ ቶፖግራፊውን ሲነሳ ነገሩ እውነት ሆነ፣ ደግነቱ ገና ጅማሬው ነበር። ሐኪሞቹ ሌዘሩን ከለከሉት። በምትኩ ክሮስ ሊንኪንግ የሚባለውን አደረጉለት፤ የቫይታሚን ቢ2 ጠብታ ይደረግና በአልትራቫዮሌት ብርሃን ኮርኒያው ይጠነክራል። ይህ በሽታው እንዳይቀጥል ለመግታት ነው እንጂ መነጽር አያስጥልም። ወንድሜ በጣም አዝኖ ነበር። ዛሬ ግን ልኬቱ ባለበት ቆሟል፣ የማሳከኩንም መድኃኒት በሥርዓት ይወስዳል። እኛ ቤት የዚህ ሰው ስም ሳይነሳ የቡና ዱዓ አይደረግም።

የኔ ኮርኒያ ቅርጹ ጤነኛ ነው፣ ግን ከአማካዩ ሳሳ ይላል። ላሲክ ቢሆን ክዳኑ ብቻውን 100 ማይክሮንና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ከሥር ቢያንስ 250 ማይክሮን ሳይነካ መቅረት አለበት የሚለው የተለመደ ስሌት ስለሚያጠብቅብኝ ሐኪሙ ፒአርኬ መረጠልኝ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ነበሩ። ብርሃን አያስጠጋም፣ እንባው አይቆምም። የደሴው ባለሙያችን ማታ ማታ እየደወለ ጠብታዬን በሰዓቱ ማድረጌን ይጠይቀኛል። ፀሐይ ላይ ያለ ጥቁር መነጽር እንዳልወጣም አጥብቆ ነገረኝ፣ ከፒአርኬ በኋላ የፀሐይ ጨረር ኮርኒያውን ሊያዳምነው ይችላልና። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ ፀሐይዋ ቀላል አይደለችም። አሁን የጦሳን ተራራ ያለ መነጽር ነው የማየው።

ከየትኛውም ክሊኒክ ኮሚሽን አይወስድም። ከኛ የተቀበለው የምርመራውን ብቻ ነው። ይልቅ ሐኪሙን የምንጠይቀውን በእጁ ጽፎ ሰጠን፦ የኮርኒያዬ ውፍረት ስንት ነው? ከሌዘሩ በኋላ ስንት ይቀራል? ቅርጹ ጤነኛ ነው? እንባዬ በቂ ነው? ብሌኔ በጨለማ ምን ያህል ይሰፋል? ከተሠራሁ በኋላ የሚከታተለኝ ማን ነው? እናንተም ያዙት።

ዕድሜያችሁ ከ18 በታች ከሆነ ወይም ልኬታችሁ ባለፈው ዓመት ከተለወጠ ጠብቁ ይላችኋል። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናትም እንደዚያው። ከ40 ዓመት በኋላ የሚመጣውን የማንበቢያ መነጽር ሌዘሩ እንደማያስቀረውም አስቀድሞ ይነግራችኋል።

አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ እልካለሁ። ስትሄዱ የድሮ የልኬት ወረቀቶቻችሁን በሙሉ ያዙ። ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉ ስንት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ማቆም እንዳለባችሁ ደውላችሁ ጠይቁት። ሰኞ የገበያ ቀን ስለሆነ ከገጠር የሚመጣው ሰው ይበዛበታል፣ በሌላ ቀን ብትሄዱ ረጋ ብሎ ያያችኋል።