ሚኒ ራይት ፒክ ፍሎው ሜትር ለጤና ጣቢያ ይሆናል ወይ?

ፒክ ፍሎው ሜትር ሰው በኃይል እፍ ሲል አየሩ የሚወጣበትን ከፍተኛ ፍጥነት የሚለካ ዕቃ ነው፤ ሚኒ ራይት አንዱ ዓይነት ነው። ባትሪ የለው፣ ስክሪን የለው። ስፕሪንግ ያለው የፕላስቲክ ቱቦ፣ ከ60 እስከ 800 ሊትር በደቂቃ የተጻፈበት መስመር፣ በትንፋሽ ተገፍቶ በደረሰበት የሚቆም ጠቋሚ፤ በቃ ይኸው ነው። ስፓይሮሜትር (የሳንባን አቅም በዝርዝር የሚለካ መሣሪያ) ለሌለው ጤና ጣቢያ ግን አስምን ለመከታተል ከዚህ የሚቀድም ዕቃ የለም። ጣጣው ያለው አብሮት የሚመጣው ሠንጠረዥ ላይ ነው።

ሠንጠረዡ ዕድሜን፣ ቁመትንና ጾታን ይዞ «የሚጠበቀው ይህን ያህል ነው» ይላል። የተሠራው ከአውሮፓውያን ልኬት ነው። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፤ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ እንዲህ ያለው መለኪያ ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ያነባል። ጤነኛው ሰው በሠንጠረዡ ታማሚ መስሎ ቁጭ ይላል። ስለዚህ የሚያዋጣው ታካሚውን ከራሱ ጋር ማስተያየት ነው። ሕመሙ ረገብ ባለበት ጊዜ ለሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ ይነፋል፤ ከሁሉ ትልቁ ቁጥር «የራሱ ምርጥ» ተብሎ ካርዱ ላይ ይጻፋል። ምርጡ 420 ከሆነ 336 (80 በመቶ) እና ከዚያ በላይ ደህና ነው፤ ከ210 (50 በመቶ) በታች ከወረደ ሳይውል ሳያድር ድንገተኛ ክፍል ነው። መሃሉ ላይ ከዋለ ሕክምናው እንደገና ይታይ። ጎንደር ተለክቶ መተማ ለሥራ የወረደ ሰው ምርጡን እዚያው ቢለካ ይሻላል።

አነፋፉ ቀላል ይመስላል፣ የሚበላሸውም እዚህ ነው። ታካሚው ይቆማል፣ ጠቋሚው ወደ መነሻው ይመለሳል፣ ደረቱ እስኪሞላ አየር ይስባል፣ ከንፈሩን ግጥም አድርጎ ባንዴ በኃይል እፍ ይላል። መለኪያው የሚይዘው የመጀመሪያዋን ቅጽበት ስለሆነ ማርዘም ትርፍ ድካም ነው። ሦስት ጊዜ ይነፋና ትልቁ ይመዘገባል፤ አማካይ አይሠራም። ሁለቱ ትልልቆች ከ40 በላይ ከተራራቁ ይደገማል። ጣት የጠቋሚውን መንገድ ከነካ ወይም ምላስ ቀዳዳውን ከዘጋ ቁጥሩ ያንሳል። ተንኮለኛው ስሕተት ግን እንደ ትፍታ በምላስ መልቀቅ ነው፤ ቁጥሩን ያለ ልክ ይሰቅለዋል፣ ታካሚውም ደህና ተብሎ ይሸኛል። ከ5 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሆንም።

አስም ሲጠረጠር መጀመሪያ ይለካል፣ ከዚያ 4 ፓፍ ሳልቡታሞል (የአየር ቧንቧን የሚከፍት፣ ወደ ውስጥ የሚሳብ መድኃኒት) በስፔሰር (በመድኃኒቱና በአፍ መካከል የሚገባ ቱቦ)፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ድጋሚ። 250 የነበረው 310 ከደረሰ 24 በመቶ ጨምሯል፤ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ጥርጣሬውን ያጠናክራል። የጠዋትና የማታው ልዩነትም ይናገራል፦ 310 እና 390 ከሆነ 80 ለአማካዩ 350 ሲካፈል 23 በመቶ ነው። አዋቂ ላይ የየቀኑ ልዩነት በሁለት ሳምንት አማካይ ከ10 በመቶ ካለፈ አስምን ያሳስባል። ዐረፍተ ነገር መጨረስ ያቃተውን ሰው ግን «መጀመሪያ ንፋ» ማለት አይገባም፤ ፓፉና ኦክስጅኑ ይቅደም።

በማገዶ ጭስ ለዓመታት የኖሩ እናት ሲመጡ ይህ ዕቃ አያዋጣም። ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ሳንባው የተጎዳ ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ ስፓይሮሜትር ወዳለበት ሪፈር ማድረግ ነው።

አንድ ዕቃ ለብዙ ሰው የሚውል ከሆነ አየር ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ ያለው የካርቶን መንፊያ ለእያንዳንዱ ታካሚ አዲስ መሆን አለበት። መንፊያው ሳይገዛ መለኪያውን ብቻ ማዘዝ ገንዘብ ማባከን ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ ያሳለው ሰው ቲቢ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ የአክታ ምርመራ ያድርግ፤ መንፋቱም መስኮት በተከፈተበት ወይም ደጅ ይሁን። እጥበቱ ለብ ባለ ውኃና ሳሙና ነው፤ በደንብ ተለቅልቆ ካልደረቀ ጠቋሚው ይጣበቃል። ሲገዙ ስኬሉን (የቁጥሩን መስመር ዓይነት) ይዩ፤ እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ አዲሱ የአውሮፓ ስኬል ስለተዛወረ በአሮጌው የተለካ ምርጥ በአዲሱ አይነበብም።