ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ለሚሉ፦ የደም ልገሳ አገልግሎት በአንዲት ኦዲተር ዓይን

እንጀራዬ ኦዲት ነው። ደረሰኝ ሳላይ፣ ንብረት ሳይቆጠር፣ ፊርማ ከፊርማ ሳይመሳከር የማንንም ቃል አልቀበልም፤ ደመወዝ የሚከፈለኝም ለዚሁ ነው። ጠባዩ ለሥራው ያስፈልጋል። ችግሩ ማታ ከቢሮ ስወጣ አብሮኝ ቤት መግባቱ ነው። ጎረቤት በበዓል ዋዜማ ድፎ ዳቦ ሲልክ ‹‹ምን ሊጠይቅ ነው?›› ያሰኛል፤ ባልደረባ ሥራ ሲያግዝ ‹‹ነገ ምን ያስከፍለኛል?›› ያሰኛል። በዚህ ላይ በየታክሲው፣ በየሻይ ቤቱ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ‹‹ሰውን ማመን ቀብሮ ነው›› ሲባል ይዋላል። ይህን ሲሰማ የኖረ ሰው ውሎ አድሮ ማንንም የማያምን፣ ማንንም የማይረዳ ይሆናል።

ስለ ደም ባንክ ለመጻፍ የተነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው። ምግብ ቤትና ሆቴል የሚገመግም ሞልቷል። የኢትዮጵያ ደም እና ሕብረ ሕዋስ ባንክ አገልግሎት ከሰው ደም የሚቀበልበትን አሠራር ግን ከመግቢያ እስከ መውጫ ተመልክቶ ‹‹እንዲህ ሆኖ አገኘሁት›› ያለ ብዙም አላጋጠመኝም።

የልገሳ ቡድኑ ወደ መሥሪያ ቤታችን ግቢ በመጣበት ቀን ቢሮው በወሬ ተሞላ። ‹‹ደሙን እኮ ይሸጡታል›› አለ አንዱ። ‹‹ለባለሥልጣን ዘመድ ነው የሚያስቀምጡት›› አለች ሌላዋ። ‹‹ለአንድ ለስላሳና ለአንድ ብስኩት ብዬ ነው የምወጋው?›› ያለም ነበር። ማስረጃ ያቀረበ ግን አንድም ሰው የለም። በእኔ ሙያ ጥርጣሬ ምርመራ ይከፍታል እንጂ አይዘጋም። ተጠርጥሮ ሳይመረመር የቀረ መዝገብ ንጹሕም ሌባም አይባልም። ስለዚህ ጥያቄዎቼን ይዤ ወደ ድንኳኑ ሄድኩ፦ ማን ይመዘግባል? ምን ይመዘገባል? አንዱ ከረጢት ከሌላው በምን ይለያል? የጠፋ ቢኖር በምን ይታወቃል?

መጀመሪያ ቅጽ ተሰጠኝ። ጥያቄዎቹ ድፍረት ያላቸው ናቸው፤ ስለ ሕመም፣ ስለሚወሰድ መድኃኒት፣ ስለ ግል ሕይወት ሳይቀር ይጠይቃሉ። ቀጥሎ ሚዛን ላይ ወጣሁ፣ የደም ግፊቴ ተለካ። ዕድሜ ከ18 እስከ 65፣ ክብደት ከ45 ኪሎ ያላነሰ መሆን አለበት። ከዚያ ሲስተሯ የጣቴን ጫፍ ወጋ አድርጋ አንዲት ጠብታ ደም ወሰደች። ፊቷ አንድ ብልቃጥ ሰማያዊ ፈሳሽ ቆሟል፤ ኮፐር ሰልፌት ነው። ጠብታዋን ከላይ ለቀቀቻት። ጠብታዋ ፈሳሹ ላይ አፍታ ቆመች፣ ክብ ሆነች፣ ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ ታች ወረደች። ‹‹ሰመጠች፣ ደምዎ በቂ ነው›› አለችኝ። በደሙ ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን፣ ማለትም ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል፣ በቂ ከሆነ ጠብታው ከፈሳሹ ይከብዳልና ይሰምጣል፤ ካነሰ ተንሳፍፎ ይቆያል ወይም ተመልሶ ይወጣል። ከእኔ ቀድማ የነበረችው ልጅ ጠብታዋ ተንሳፈፈባት። እንባ ተናነቃት። ሲስተሯ እጇን ይዛ ምን ምን መመገብ እንዳለባት፣ የት ሄዳ መመርመር እንደምትችል በዝርዝር ነገረቻትና በሌላ ጊዜ እንድትመለስ ቀጠሮ ሰጠቻት። ደም ፈላጊ ድርጅት ደም ልትሰጠው የመጣችውን ልጅ ለራሷ ጤና ብሎ መመለሱን በዓይኔ አየሁ። የሚሸጥ ዕቃ የሚሰበስብ ነጋዴ ዕቃውን እንዲህ አይመልስም።

አልጋው ላይ ስጋደም ዓይኔ ከቁጥሩ አልተነቀለም። ከረጢቱ ላይ የተለጠፈው ቁጥር፣ ለምርመራ በሚወሰዱት ትናንሽ ብልቃጦች ላይ ያለው ቁጥርና ቅጼ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ናቸው። ሲስተሯ መርፌውን ከማስገባቷ በፊት ሦስቱንም እያስተያየች ድምፅዋን አውጥታ አነበበች። ስሜ ከረጢቱ ላይ የለም። ደሙን የሚወስደው ሕመምተኛ ማን እንደሰጠው አያውቅም፤ እኔም ማን እንደሚወስደው አላውቅም። ቁጥሩ ግን ያውቃል፤ ችግር ከተገኘ ከሕመምተኛው አልጋ ተነሥቶ እስከ ለጋሹ ድረስ ወደ ኋላ መከተል የሚቻለው በዚህ ነው። ከረጢቱ ደሙ እንዳይረጋ የሚከለክል ፈሳሽ አስቀድሞ ተጨምሮበታል፤ ዝቅ ባለች ማሽን ላይ ሆኖ ወዲያና ወዲህ እያለ ይሞላል፣ እግረ መንገዱንም ይመዘናል። ከአንድ ሰው የሚወሰደው እንደ ከረጢቱ ዓይነት 350 ወይም 450 ሚሊ ሊትር ነው። ጠቅላላው ሩብ ሰዓት እንኳ አይፈጅም።

ከጎኔ ያለው አልጋ ላይ የግቢያችን የጥበቃ ሠራተኛ ተጋድሟል። በግቢው ውስጥ ዝቅተኛውን ደመወዝ ከሚያገኙት አንዱ ነው። የለጋሽነት ካርዱ ከመታወቂያው ጋር በላስቲክ ተጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ አለ፤ ጠርዙ ተልጧል፣ መስመሮቹ በቀንና በፊርማ ሞልተዋል። ‹‹ወንድሜ፣ ለማን እንደሚደርስ ሳታውቅ ይህን ሁሉ ጊዜ ትሰጣለህ?›› አልኩት። ‹‹እትዬ፣ ባውቀው ምን ይጨምርልኛል?›› አለኝ። ‹‹የቸገረው ይውሰደው።›› ይህን ብሎ ስለ ቤት ኪራይ ወሬ ጀመረ። እኔ ግን ካርዱን አልረሳሁትም። በሥራዬ ብዙ ሰነድ አይቻለሁ፤ አብዛኛው ሰው ለራሱ ያገኘውን የሚያስቆጥርበት ነው። ይህኛው አንድ ሰው ለማያውቃቸው ሰዎች የሰጠውን ብቻ የያዘ ነበር።

ደሙ ከድንኳኑ ወጥቶ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለሄፓታይተስ ሲ እና ለቂጥኝ ይመረመራል፤ ያላለፈው ይወገዳል። ከዚህ ላይ ለተጠራጣሪ የምነግረው አንድ ነገር አለ። ምርመራው የቱንም ያህል ቢጠነክር፣ ገና በቅርቡ የገባን ቫይረስ ላያገኝ የሚችልበት አጭር ጊዜ አለ። ያንን ክፍተት የሚሸፍነው ለጋሹ ቅጹ ላይ የሚሰጠው እውነተኛ መልስ ነው። ስለዚህ አገልግሎቱ ሁለቱንም ይዟል፦ ሁሉንም ይመረምራል፣ ደግሞም በሰው ሐቀኝነት ይታመናል። አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም።

ነገሩ እንዲህ ያልነበረበትን ዘመን የምናስታውስ ብዙዎች ነን። አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. በ1969 የጀመረው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተዛወረ። ከዚያ በፊት በነበረው ጊዜ አብዛኛው ደም የሚገኘው በምትክ ነበር፦ ዘመድህ ደም ካስፈለገው አንተ ወይም ወንድምህ ትተካለህ። የወንድሜ ባለቤት ወልዳ ደም ሲፈስሳት በአንድ ሆስፒታል ደጃፍ ያየሁትን አልረሳም። ከዘመድ ደሙ የሚሆን ሲጠፋ አንድ ሰው ወንድሜን ወደ ጥግ ስቦ ‹‹የሚሰጥ ልጅ አመጣልሃለሁ፣ ዋጋውን እንነጋገር›› አለው። ድንጋጤ የያዘውን ሰው ኪስ የሚዳስስ ደላላ ነበር። የምትክ አሠራር ይህን ይጋብዛል፤ የተጨነቀ ቤተሰብ ይከፍላል፣ ገንዘብ የፈለገ ሰው ደግሞ ሕመሙን ይደብቃል። ቅጹ ላይ እውነቱን እንዳይጽፍ ምክንያት አለው።

የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1975 አገሮች የደም አገልግሎታቸውን ያለ ክፍያ በሚሰጡ ፈቃደኞች ላይ እንዲመሠርቱ የጠየቀው ያለ ነገር አይደለም። ምንም የማያገኝበት ሰው ለመዋሸት ምክንያት የለውም። በእኛም አገር ብዙዎች ‹‹ሐበሻ ለማያውቀው ሰው ደሙን አይሰጥም›› ሲሉ ሰምቻለሁ። ዛሬ አገልግሎቱ የሚሰበስበው ደም እጅግ አብዛኛው ከበጎ ፈቃደኞች ነው፤ ተማሪዎች፣ ሠራተኞች፣ የጥበቃ ሰዎች። ሰዎቹ ድሮም ነበሩ፤ አሠራሩ ‹‹ለዘመድህ ብቻ›› ይላቸው በነበረ ጊዜ ለዘመዳቸው ብቻ ሰጡ፣ ‹‹ለማንም›› ሲላቸው ለማንም ሰጡ። ይህን ነገር ደጋግሜ አስበዋለሁ። ሰውን ክፉ ነው ብለን የሠራነው ሥርዓት ሰው ደግ የሚሆንበትን በር ራሱ ይዘጋል፤ ከዚያ ተመልሰን ‹‹አየህ፣ ደግ ሰው የለም›› እንላለን።

የንብረት ቆጠራ ለሚያውቅ ሰው ደግሞ ከሁሉ የሚገርመው ክምችቱ ነው። ቀይ የደም ሴሎች በማቀዝቀዣ የሚቆዩት እንደ ማቆያው ፈሳሽ ከ35 እስከ 42 ቀን ነው። ፕሌትሌት የሚባለው፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ክፍል፣ አምስት ቀን ገደማ ነው። አንድ ጊዜ ሞልተው የሚዘጉት መጋዘን አይደለም። አንድ ሕመምተኛ ዛሬ ሌሊት ደም ካገኘ፣ ባለፉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከአንድ አልጋ ላይ እጁን የዘረጋ የማያውቀው ሰው ነበረ ማለት ነው። በወሊድ ደም የሚፈስሳቸው እናቶች፣ በመኪና አደጋ የተጎዱ፣ ካንሰር የሚታከሙ ልጆች፣ ሁሉም በዚህ ላይ ነው የተንጠለጠሉት። ‹‹ሰውን ማመን ቀብሮ ነው›› የሚል ሰው በድንገት ሆስፒታል ቢገባ፣ በሕይወት የሚያቆየው በሕይወት ያሉ የማያውቃቸው ሰዎች ሥራ ነው።

ጉድለት አላየሁም ማለት አይደለም። የእኛ መሥሪያ ቤት ድንኳኑን ከጄኔሬተሩ አጠገብ አስተክሎ፣ ጭሱና ጩኸቱ የተጋደመውን ሁሉ ሲያስጨንቅ ዋለ፤ አስተዳደሩ ጥላ ያለበት ሰፊ ቦታ ነበረው። እንግዳ ተቀባይነት እንዲህ አይደለም፣ ለኃላፊውም በጽሑፍ አሳውቄያለሁ። ሌላው ምኞት ነው። በስዊድን የለገሱት ደም ለሕመምተኛ ሲሰጥ ለለጋሹ በስልኩ አጭር መልእክት ይደርሰዋል። ስም የለበትም፣ ‹‹ደምዎ ጥቅም ላይ ውሏል›› ይላል፣ በቃ። ይህ በእኛም ዘንድ ቢለመድ ከብዙ ማስታወቂያ የበለጠ ወሬውን ያጠፋ ነበር። ‹‹ይሸጡታል›› የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አይደለም፤ የነገሩን መጨረሻ ያሳየው ሰው የለም።

ለመሄድ ለምታስቡ፦ ባዶ ሆዳችሁን አትሂዱ፣ ውኃ ጠጡ፣ እጅጌው በቀላሉ የሚሰበሰብ ልብስ ልበሱ። እርጉዝና የምታጠባ እናት አትሰጥም። ከሰጣችሁ በኋላ ‹‹ትንሽ ይረፉ›› ሲሏችሁ ተነሥታችሁ አትሩጡ፤ ለስላሳውና ብስኩቱ ምክንያት አላቸው። በዚያን ቀን ከባድ ዕቃ በዚያ ክንድ አታንሡ። እንደገና መስጠት የሚቻለው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ከሁሉ በላይ ቅጹን በሐቅ ሙሉ፤ የምታፍሩበት ነገር ካለ ባለመስጠት እርዱ፣ ማንም ምክንያታችሁን አይጠይቅም።

ለጋሽ የሚቀንሰው ትምህርት ቤቶች በሚዘጉበት በክረምትና በጾም ወራት ነው፤ ሕመምተኛው ግን በዚያ ጊዜ አይቀንስም። የእኔ ቀጠሮ ሐምሌ ላይ ይውላል። ‹‹ይሸጡታል›› ያለውን ባልደረባዬን አብሮኝ እንዲመጣ ጠይቄው እሺ ብሏል። እኔ እንዳልተከራከርኩት ይወቅልኝ፤ ያልኩት ‹‹ና፣ ቁጥሩን ራስህ አንብበው›› ነው።