ለሸክላ ሠሪዋ እናት ምስጋና፣ ለገዢ ደግሞ ጥቆማ

ወደ አያቶቹ ቀዬ ብቅ ብሎ የእጅ ሥራ ይዞ መመለስ ለሚፈልግ ሁሉ፣ እዚያው ያሉትን ሸክላ ሠሪ እናት እጠቁማለሁ። እማማ፣ እጅዎ ይባረክ!

የሚሠሩት ያለ ማሽከርከሪያ፣ በእጃቸው ብቻ ነው። ጭቃው ሲቦካ የተሰበረ ሸክላ ወቅጠውና ነፍተው ይጨምሩበታል፤ ለአራት እጅ ጭቃ አንድ እጅ ገደማ። ገሉ አንዴ በእሳት ስላለፈ ከጭቃው ጋር አይኮማተርም፤ ለእንፋሎት መውጫ ይከፍታል፣ የጀመረ ስንጥቅም እንዳይሮጥ ያግዳል። ይህን የዘለለ ሰው ድስቱ ምድጃ ላይ ይከዳዋል። ከዚያ ጭቃውን እንደ ገመድ አድበልብለው ዙር በዙር ይደርባሉ፣ መጋጠሚያውንም ከውስጥም ከውጭም በጣት ይደፍናሉ። የታችኛው ዙር ጠንከር ሳይል ከተደረበበት ጎኑ ይሰምጣል፤ ከደረቀ ደግሞ አዲሱ አይያያዘውም። የምታዩት ወዝ ቀለም አይደለም፤ ዕቃው ጠፈፍ ሲል በለስላሳ ድንጋይ የተወለወለበት ነው።

ብዙ ሠሪ የሚሸነፈው ማድረቁ ላይ ነው። ከንፈሩ ከመቀመጫው ቀድሞ ስለሚደርቅ እሳቸው አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው ጥላ ውስጥ ያቆዩታል። ፀሐይ ላይ የተጣደፈ ዕቃ ከአፉ ይሰነጠቃል፤ እርጥበት ይዞ እሳት የገባ ደግሞ ውሃው እንፋሎት ሆኖ ያፈነዳዋል። ስለዚህ ለነገ አድርሱልኝ አትበሏቸው፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ስጧቸው።

ጎኑ ላይ ያለው ጥቁር ጥላ ጉድለት አይደለም። ሲተኮስ ማገዶ የነካው፣ አየር ያጠረው ቦታ ነው፤ እኔ እንደውም እሱን አይቼ ነው የምመርጠው። የሚያሳስበው ድምፁ ነው፦ በጣት አጥንት ሲመታ ጥርት ብሎ ካልጮኸ የተደበቀ ስንጥቅ ሊኖርበት ይችላል።

ስታዙ ለውሃ ይሁን ለእሳት አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ቅይጡ ይለያያል። የውሃውን እንስራ ለማሳመር ብላችሁ ቫርኒሽ አትቀቡት። ውሃውን የሚያቀዘቅዘው በላቡ፣ ማለትም በጎኑ ሰርጎ በሚተነው ውሃ ነው፤ ላቡ ከተደፈነ ተራ ማጠራቀሚያ ይሆናል። አዲሱን ድስት ሌሊቱን ውሃ ሞልታችሁ አሳድሩና በዝቅተኛ እሳት ጀምሩት። ትኩስ እያለ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍሱበት፣ በሳሙናም አትጠቡት፤ ይመጠውና በኋላ ይተፋዋል። ለመንገድ ስታነሱት ከሥሩ ደግፉት እንጂ በጆሮው አታንጠልጥሉት፤ ጆሮው በኋላ የተለጠፈ ስለሆነ መጀመሪያ የሚለቀው እሱ ነው።