ኦፕንታይምስታምፕስን ስድስት ወር ተጠቀምኩት፣ ለዲዛይነር ይሆናል ወይ?

አምና አንድ ደንበኛ ሎጎ ስራልኝ ብሎኝ ሶስት አማራጭ ላኩለት፣ "አልወደድነውም" ብሎ ጠፋ፣ ከሁለት ወር በኋላ ሁለተኛው አማራጭ ቀለሙ ብቻ ተቀይሮ ቢልቦርድ ላይ ተሰቅሎ አየሁት። ስደውል ጭራሽ "እኛ ጋ ቀድሞ የነበረ ነው" አሉኝ፣ የቴሌግራም ቻቱንም ከሁለታችንም በኩል አጥፍተውታል።

ከዛ በኋላ ነው ጓደኛዬ ኦፕንታይምስታምፕስን ያሳየኝ፣ ፋይልህ ከዚህ ቀን በፊት እንደነበረ ቢትኮይን ላይ የቀን ማህተም የሚመታልህ አገልግሎት ነው። ብሎክቼይን (ቢትኮይን የሚሰራበት፣ ማንም ወደኋላ የማይቀይረው የጋራ መዝገብ) ሲለኝ ሳቅኩበት፣ እኛ ሰፈር ብሎክቼይን ማለት ወይ ማይኒንግ ነው ወይ "ብርህን እጥፍ ላርግልህ" የሚል ሰው ነዋ። ይሄኛው ግን ኮይን አያስገዛ፣ ዋሌት የለው፣ አካውንት እንኳን አይጠይቅም፣ ነፃ ነው። ፒተር ቶድ የሚባል የቢትኮይን ፕሮግራመር በ2016 (በፈረንጅ) ይፋ ያደረገው ነው።

አጠቃቀሙ፣ ፋይልህን ዌብሳይቱ ላይ ጎትተህ ትጥላለህ በቃ። ፋይሉ ራሱ ከኮምፒውተርህ አይወጣም፣ የሚሄደው ሃሽ ነው፣ የፋይሉ የጣት አሻራ በሉት፣ ከአሻራው ተነስቶ ዲዛይኑን መልሶ ማውጣት አይቻልም። የብዙ ሰው አሻራ አንድ ላይ ተጠቃሎ በአንድ የቢትኮይን ትራንዛክሽን ስለሚገባ ነው ለኛ በነፃ የሆነው። አንዴ ብሎክ (የመዝገቡ አንድ ገጽ በሉት) ውስጥ ከገባ ቀኑን ወደኋላ መጎተት የሚችል የለም፣ እኔም አልችል ሰሪዎቹም አይችሉ። ጓቲማላ በ2023 ምርጫዋ የድምፅ ቆጠራ ቅጾቿን የጠበቀችው በዚሁ ነው፣ እና ለኔ ሎጎ አያንስም ማለት ነው።

አሁን ወደ ችግሩ። አንደኛ ኦቲኤስ የሚባል ትንሽዬ ፋይል ይሰጥሃል፣ እሱ ከጠፋ ማስረጃህም ጠፋ፣ እኔ ፍላሽ ፎርማት ሳደርግ አንዱን በገዛ እጄ በልቼዋለሁ። ወዲያው ቬሪፋይ ላርግ ብትልም አይሆንም፣ ቢትኮይን ላይ እስኪሰፍር ሰዓታት ይወስዳል። ከሁሉም ያናደደኝ ግን ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ የላክሁት ዲዛይን ነበር፣ መልሼ አውርጄ ሳስገባው አይመሳሰልም አለኝ፣ ለካ ቴሌግራም ኮምፕረስ ሲያደርገው አሻራው ይቀየራል፣ ኧረ አንድ ፒክስል ብትነካም ይቀየራል! ሁሌ "ፋይል" ብላችሁ ላኩ፣ ኦሪጅናሉንም አትንኩት።

እና ውልና ማስረጃ አይደለም፣ ሰልፍ የለውም፣ ግን ደግሞ የማን እንደሆነ አይናገርም። የሚለው "ይሄ ፋይል ከዚህ ቀን በፊት ነበረ" ነው፣ ሌባውም ያንተን ፋይል ወስዶ ማህተም ሊያስመታበት ይችላል፣ ቀኑ ካንተ በኋላ ይሆንበታል እንጂ። ስለዚህ ከመላክህ በፊት ነው ማስመታት፣ ረቂቁንም ጭምር።

ከአምስት አራት ሰጥቼዋለሁ። አሁን ለደንበኛ ከመላኬ በፊት ሁሌ አስመታለሁ፣ ሁለት ደቂቃም አይፈጅ። ያኛው ሎጎ ግን እስካሁን እንደተሰቀለ ነው፣ በታክሲ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን አዙሬ በሌላኛው መስኮት ነው የማየው።