ዴርምኔት፦ ያልተለመዱ የቆዳ በሽታዎችን ለመለየትና ለማጥናት ምን ያህል ያገለግላል?

የቆዳ ስፔሻሊስት በሌለበት ሆስፒታል ለሚሠራ ጠቅላላ ሐኪም ወይም ጤና መኮንን እከክ፣ ጭርት፣ ችፌና ብጉር የዕለት ተዕለት ሥራ ናቸው። የሚያስቸግረው ከእነዚህ አንዱን መስሎ መጥቶ፣ ተገቢው መድኃኒት በተገቢው መጠን ተሰጥቶት እንኳ የማይሻለው በሽታ ነው። እንዲህ ዓይነት ታካሚ ሲያጋጥመኝ በቅድሚያ ከምከፍታቸው ምንጮች አንዱ ዴርምኔት የተባለው የኒውዚላንድ ድረ ገጽ ስለሆነ፣ ጥንካሬውንና ድክመቱን ለሙያ ባልደረቦቼ፣ እንዲሁም ልጃቸው ወይም ዘመዳቸው ስሙ ባልታወቀ የቆዳ ሕመም ለሚሠቃይ ቤተሰቦች በዝርዝር ማካፈል ፈለግሁ። ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ ብዙ ሰው ወደዚህ ድረ ገጽ የሚገባው ፎቶ ፍለጋ ቢሆንም ትልቁ ጥቅሙ ያለው በጽሑፉ ውስጥ ነው።

ዴርምኔት ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 በኒውዚላንድ የቆዳ ሐኪሞች ማኅበር አማካይነት ሲሆን፣ ለዚህ ደረጃ ካበቁት ሐኪሞች መካከል ለብዙ ዓመታት ዋና አዘጋጅ የነበሩት ዶክተር አማንዳ ኦክሌይ በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ። አገልግሎቱ ነፃ ነው፤ ገጾቹን ለማንበብ መመዝገብም ሆነ መክፈል አያስፈልግም። ወጪውን በከፊል የሚሸፍኑት ማስታወቂያዎች በየገጹ ይታያሉ። በሽታዎቹ በፊደል ተራ የተደረደሩ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ በሽታው ማንን እንደሚይዝ፣ መንሥኤው፣ ምልክቶቹ፣ የምርመራው መንገድ፣ ከእሱ ጋር የሚመሳሰሉ ሌሎች በሽታዎችና ሕክምናው በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ይቀርባሉ። የጸሐፊዎቹ ስምና ገጹ የተዘጋጀበት ወይም የታደሰበት ጊዜም ስለሚገለጽ አንባቢው መረጃው ምን ያህል የቆየ እንደሆነ ለማወቅ ይችላል።

የጽሑፉን ጥቅም በአንድ በሽታ ላሳይ። ጡት ካስጣሉት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በአፉ ዙሪያ፣ በመቀመጫው፣ በእጆቹና በእግሮቹ ላይ ድንበሩ የለየለት፣ የሚላጥና የሚያዥ ቁስል የወጣበት፣ ተቅማጥ የማይለቀው፣ ፀጉሩ የሚረግፍና ያለ ዕረፍት የሚነጫነጭ ሕፃን ወደ ተመላላሽ ክፍል ይመጣል። የመቀመጫው ቁስል ፈንገስ ይመስላል፤ የቆዳው መላጥና የፀጉሩ መሳሳት ደግሞ የምግብ እጥረትን ያስታውሳል። ሕፃኑ በፈንገስ ቅባትና በአንቲባዮቲክ ሲመላለስ ሊከርም፣ ሁኔታውም እየከፋ ሊሄድ ይችላል። ሐኪሙ ግን በዴርምኔት ላይ ካንዲዳ የተባለውን ፈንገስ ወይም የሽንት ጨርቅ ቁስልን የሚመለከት ገጽ ከፍቶ ተመሳሳይ በሽታዎች ወደተዘረዘሩበት ክፍል ቢወርድ፣ ከዚያም የዚንክ እጥረት የሚለውን ርዕስ ቢያነብ፣ አክሮደርማታይቲስ ኢንተሮፓቲካ የተባለውን በሽታ ያገኛል። ይህ በሽታ ከ500 ሺህ ሰዎች በአንዱ ገደማ የሚከሰት፣ ከእናትና ከአባት በሚወረስ የዘረመል ጉድለት የሚመጣ፣ አንጀት ዚንክን ከምግብ መውሰድ የሚሳነው ሕመም ነው። በእናት ጡት ወተት ውስጥ ያለው ዚንክ ለሕፃኑ አንጀት የተመቸ በመሆኑ ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ጡት እስኪጥል ድረስ ሳይገለጥ ይቆያል።

በሽታውን ዳንቦልትና ክሎስ የተባሉ የኖርዌይ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1942 ለይተው ገለጹት። ከዚንክ ጋር ያለው ግንኙነት ግን እስከ 1973 አልታወቀም ነበር፤ በሽታውን የሚያስከትለው ጂን ደግሞ የተገኘው በ2002 ነው። ስለዚህ ለሠላሳ ዓመታት ያህል ስሙ እየታወቀ ብዙ ሕፃናትን የገደለ በሽታ ዛሬ በየጤና ጣቢያው ለተቅማጥ በሚሰጠው የዚንክ ማዕድን ይታከማል። ልዩነቱ ለተቅማጥ ከ10 እስከ 14 ቀን የሚሰጠው ዚንክ እዚህ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መሆኑና መጠኑም በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 3 ሚሊ ግራም ገደማ በሚለው ስሌት መታሰቡ ነው። የሕፃኑ ንጭንጭና ተቅማጥ በቀናት ውስጥ፣ ቁስሉም በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ መሻሻል ይጀምራል። በደም ውስጥ ያለውን ዚንክ የሚለካ ላቦራቶሪ በቅርብ ባይገኝ እንኳ ከጉበት ምርመራ ጋር የሚሠራው አልካላይን ፎስፋቴዝ የተባለ የደም ኢንዛይም ልክ ከዕድሜው አንጻር ዝቅ ብሎ መገኘቱ ጥርጣሬውን ያጠናክራል፤ ልኩ ደህና መሆኑ ግን በሽታው የለም አያሰኝም። ሕፃኑ የታመመው ጡት እየጠባ ሳለ ከሆነ ደግሞ የእናቲቱ ወተት ራሱ ዚንክ ያነሰው ሊሆን ስለሚችል ምርመራው ሌላ መንገድ ይይዛል፤ በዚህ ሁኔታ የሚሰጠው ዚንክም ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ አይደለም። እንዲህ ያለ በቀላሉ የሚታከም በሽታ ስሙ ሳይታሰብ በመቅረቱ ብቻ ሕፃን ሊሞት መቻሉ እጅግ ያሳዝነኛል፤ ይህን ግምገማ እንድጽፍ የገፋፋኝም ይኸው ነው።

ሌላው የምወደው ክፍል ስለ ናሙና አወሳሰድ የሚያስረዳው ነው። ውኃ የሚቋጥሩ የቆዳ በሽታዎችን፣ ለምሳሌ ፔምፊገስንና ቡለስ ፔምፊጎይድን፣ በዓይን ብቻ መለየት አስቸጋሪ በመሆኑ ባዮፕሲ፣ ማለትም ከቆዳው ቁራጭ ወስዶ መመርመር፣ ያስፈልጋል። ባዮፕሲው ግን ሁለት ዓይነት ነው። ለተለመደው የፓቶሎጂ ምርመራ የሚላከው ቁራጭ ከአዲስ ውኃ ቋጠሮ ጠርዝ ተወስዶ ፎርማሊን በተባለው ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ ይገባል። ኢሚውኖፍሎረሰንስ ለተባለው፣ በቆዳው ውስጥ ያሉ ፀረ እንግዳ አካላትን በሚያበራ ቀለም ለሚያሳይ ምርመራ የሚላከው ደግሞ ከቋጠሮው አጠገብ ካለው ጤነኛ መሳይ ቆዳ መወሰድና ሚሼል በተባለው ማጓጓዣ ፈሳሽ መቀመጥ አለበት፤ ፈሳሹ ካልተገኘ ከላቦራቶሪው ጋር ተነጋግሮ በሳላይን (በጨው ውኃ) በ24 ሰዓት ውስጥ ማድረስ ይቻላል። ይህኛው ናሙና ፎርማሊን ውስጥ ከገባ ምርመራው ከንቱ ይሆናል፤ ከሩቅ ወረዳ ተሳፍሮ የመጣ ታካሚም ገንዘቡን ከፍሎና ቆዳውን ተቆርጦ ያለ መልስ ይመለሳል። ስለዚህ ታካሚን ወደ ምርመራ ከመላክ በፊት አሥር ደቂቃ ወስዶ እንዴት ይረጋገጣል የሚለውን ክፍል ማንበብ ለታካሚው ትልቅ ውለታ ነው።

ፎቶዎቹን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሺዎች የሚቆጠሩና ጥራት ያላቸው ቢሆኑም ብዙዎቹ የተነሡት ነጣ ባለ ቆዳ ላይ ነው። በእንግሊዝኛ የሕክምና መጻሕፍት ቀይ ተብሎ የሚገለጸው የቆዳ ብግነት በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ወይን ጠጅ ወይም አመድማ ሆኖ ይታያል፤ ቁስሉ ከዳነ በኋላም ጥቁረቱ ወይም ንጣቱ ለወራት ስለሚቆይ በሽታው የተመለሰ ይመስላል። የድረ ገጹ አዘጋጆች ይህን ክፍተት ተረድተው በጥቁር ቆዳ ላይ የተነሡ ምስሎችን ለብቻ መሰብሰባቸውና በአዳዲሶቹ ገጾች ላይ ምልክቶቹ በተለያየ የቆዳ ቀለም እንዴት እንደሚለያዩ የሚያብራራ ንዑስ ርዕስ ማስገባታቸው የሚያስመሰግን ነው። ይሁንና ሥራው ገና ብዙ ይቀረዋል። በእኔ አመለካከት ፎቶው የሚጠቅመው ታሪኩ ተጠይቆና ሰውነቱ በሙሉ ታይቶ ሁለት ወይም ሦስት አማራጭ ከተያዘ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ፎቶ ከፎቶ እያስተያዩ በሽታ መፈለግ ያሳስታል።

በኒውዚላንድ ያልተለመደ የሚባለው በሽታ በእኛ አገር ያልተለመደ ላይሆን እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም። በደጋው አካባቢ ሽኮኮዎች በሚኖሩበት ገደል አጠገብ የሚኖር ልጅ ፊቱ ላይ ለወራት የማይድን ቁስል ከያዘ በመጀመሪያ የሚታሰበው ቁንጭር (የቆዳ ሌሽማንያሲስ) ነው። በእሳተ ገሞራ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረ ሰው ሁለቱም እግሮቹ ካበጡ ፖዶኮኒዮሲስ ይታሰባል፤ ስሜት ያጣ የነጣ ምልክት ደግሞ የሥጋ ደዌን ያስጠረጥራል። ለእነዚህ ከዴርምኔት ይልቅ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ለግንባር ቀደም የጤና ሠራተኞች ያዘጋጀውን፣ በቆዳ ላይ የሚታዩ ችላ የተባሉ የቆላ በሽታዎችን ለመለየት የሚረዳ መመሪያ አስቀድማለሁ፤ ከምልክቱ ተነሥቶ ወደ በሽታው ስለሚመራ ለጤና ጣቢያ ሥራ ይመቻል። እንዲህ ዓይነት ሕሙማንን ለመላክም እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው የአዲስ አበባው አለርትና በደሴ አቅራቢያ የሚገኘው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የካበተ ልምድ አላቸው።

ጥናት ለማድረግ ለሚፈልግ ግን ዴርምኔት መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። ገጾቹ ሆን ተብለው አጭር በመሆናቸው የአንድን ብርቅ በሽታ የዘረመል ዝርዝር አይሸፍኑም። ለዚያ እ.ኤ.አ. በ1997 በፈረንሳይ የተቋቋመው ኦርፋኔት ለእያንዳንዱ ብርቅ በሽታ የራሱን መለያ ቁጥር ሰጥቶ ስርጭቱንና የውርስ መንገዱን ያቀርባል። በዶክተር ቪክተር መኩሲክ የተጀመረው ኦሚም የተባለው የዘረመል መረጃ ቋት ደግሞ ጂኖቹንና የጥናቶቹን ታሪክ በዝርዝር ይዟል፤ ከላይ የጠቀስሁት የዚንክ በሽታ እዚያ 201100 በሚል ቁጥር ይገኛል። ሁለቱም በነፃ የሚነበቡ ቢሆኑም ኦሚም ለጀማሪ ይከብዳል። ፐብሜድ በተባለው የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያ ላይ የተገኘ ጽሑፍ ክፍያ ሲጠይቅ ብዙ ባልደረቦቼ እዚያው ሲያቆሙ አያለሁ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ሂናሪ ግን ለኢትዮጵያ ተቋማት መጽሔቶችን በነፃ ስለሚያስነብብ፣ የመግቢያ ቃሉን ከዩኒቨርሲቲው ወይም ከሆስፒታሉ ቤተ መጻሕፍት መጠየቅ ይገባል።

ለቤተሰቦች አንድ ነገር ልጨምር። ድረ ገጹ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን፣ ቋንቋው ከሕክምና መጻሕፍት ይልቅ ቀለል ያለ ነው፤ ሆኖም ፎቶዎቹ ብዙውን ጊዜ የበሽታውን የከፋ ደረጃ ስለሚያሳዩ ያለ አስረዳጅ የሚመለከታቸው ወላጅ ከሚገባው በላይ ሊደነግጥ ይችላል። ሐኪማችሁ የበሽታውን ስም ጽፎ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ ገጹን ካነበባችሁ በኋላም ያልገባችሁን ጽፋችሁ በቀጠሯችሁ ቀን ይዛችሁ ቅረቡ። የልጃችሁን ቁስል በቀን ብርሃን፣ ከቅርብና ከራቅ አድርጋችሁ፣ ቅባት ከመቀባታችሁ በፊት በስልክ አንሥታችሁ ከነቀኑ ብታስቀምጡ፣ ወደ ስፔሻሊስት ስትደርሱ ሽፍታው ጠፍቶ ወይም ተለውጦ ቢገኝ እንኳ የሚታይ ማስረጃ ይኖራችኋል።