ተጋባዥ ተመራማሪ ለመሆን የት ይሻላል? ኢየሩሳሌም፣ ሃምቡርግ ወይስ ኮሌጅቪል

የግዕዝ ብራና የሚያጠኑ ጓደኞቼ ጥያቄ ሁሌ አንድ ነው፤ «ለጥቂት ወራት ውጭ ሄጄ ልሥራ፣ የት ላመልክት?» መልሴን አልደብቅም። ኮሌጅቪል፣ ሚኒሶታ፣ አሜሪካ።

ነገሩ የገንዘብ ነው። «ተጋባዥ ተመራማሪ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ የለውም። የሚደርሳችሁ የግብዣ ደብዳቤ፣ የቤተ መጻሕፍት መታወቂያና ከተገኘ አንድ ጠረጴዛ ነው። ቲኬቱ፣ ኪራዩ፣ ኢንሹራንሱ የራሳችሁ ጣጣ ነው። ለጠረጴዛው ራሱ የሚያስከፍልም አይጠፋም።

ኢየሩሳሌም ልብ ትሰርቃለች። የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የክርስትና ጥናት ማዕከል አለ፤ የኢትዮጵያ መነኮሳት የሚኖሩባቸው ገዳማት፣ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትም ዴር ሡልጣንም፣ እዚያው ከተማ ውስጥ ናቸው። ግን የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ የገዳም ዕቃ ቤት አያስከፍትም፤ እሱ የቤተ ክርስቲያን ፈቃድ ነው። ኪራዩም አይቀመስም። ርዕሳችሁ እዚያ የኖሩት መነኮሳት ካልሆኑ ይቅርባችሁ።

ሃምቡርግ ለሙያው ታላቅ ቤት ነው። በዩኒቨርሲቲው ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም፣ የሂዮብ ሉዶልፍ ማዕከል፣ የኢትዮጵያ ብራናዎችን የሚመዘግብ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ይሠራል፤ እስከ 2040 የታቀደ ነው። ካታሎግ አሠራር መማር የሚፈልግ ሰው ወደዚያ ይሂድ። ገንዘቡን ግን ለተመራማሪዎች ገንዘብ ከሚሰጡ እንደ ጀርመኑ ሁምቦልት ፋውንዴሽን ካሉ ተቋማት ለብቻችሁ መለመን አለባችሁ። የአጭር ጊዜ የሸንገን ቪዛ መደበኛ ክፍያ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለክሏችሁም አይመልሱላችሁም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ይጠይቃሉ።

ወደ ኮሌጅቪል ልመለስ። በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለው የሂል ብራና ቤተ መጻሕፍት፣ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ በማይክሮፊልም የተነሡ በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎችን ይዟል። የግዕዝ ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡበት ነው። ለጀማሪዎች የሄክማን ድጎማ እስከ 2,000 ዶላር ይሰጣል፤ ለመጓጓዣ፣ ለማደሪያ፣ ለምግብና ለቅጂ ይሆናል። አትጓጉ ታዲያ። የአሜሪካ የልውውጥ ጎብኚዎች ቪዛ (ጄ-1) ከሆነ 185 ዶላር ለቪዛው፣ 220 ሴቪስ ለሚባለው የጎብኚዎች መመዝገቢያ፤ ሳትሳፈሩ 405 ወጣ። ከአዲስ አበባ ቲኬት ሲጨመርበት የሚተርፈው የማደሪያና የምግብ ቢሆን ነው። የምሥራቅ ክርስትና ብራናዎችን ለሚያጠኑ የተዘጋጀው የስዌንሰን ድጎማ እስከ 5,000 ይደርሳል፤ ለሱ ብቁ ከሆናችሁ መጀመሪያ እሱን ሞክሩ።

አሁን ስለ ቅጂ። በቴሌግራም የሚዞረው የነዚሁ ብራናዎች ፒዲኤፍ የቅጂ ቅጂ ነው። በሱ ተማምኖ የመመረቂያ ጽሑፉን ምዕራፍ የጻፈ ሰው አውቃለሁ፤ «ነ» ይሁን «ና» የማይለይበት ገጽ ላይ ስም አሳስቶ አነበበ፤ ፈታኙ አንድ በአንድ አወጣበት። ዋናው ማይክሮፊልምም ቢሆን ጥቁርና ነጭ ነው። በቀይ ቀለም የተጻፈ የቅዱስ ስም ገርጥቶ ይወጣል። ኅዳጉ ላይ የሰፈረ የርስት ማስታወሻም መጽሐፉ ጥብቅ ብሎ ከተጠረዘ ማጠፊያው ይውጠዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ በቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ በነፃ ተመዝገቡ። ኦንላይን የሚታየውን እዚሁ ጨርሱ። የማይታየውን ወይም የማይነበበውን በቁጥሩ ለቅሙና ማመልከቻው ላይ ጻፉት። «የኢትዮጵያን ብራናዎች ማጥናት እፈልጋለሁ» ብቻ ያለ ሰው ደጅ ላይ ይቀራል።

ጊዜ ስትመርጡ ጥርን ዝለሉ። የሚኒሶታን ካፖርት ዋጋ ድጎማው አይሸፍንም።